በእሳት የሚላክ ደብዳቤ፦ ከገላባት እስከ ጣና ዳርቻ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ለኅትመት የተዘጋጀ)

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ከዚሁ ከደጃችን፣ ከጣና ዳርቻ እንጀምራለን።

ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ዕለቱ ጁምዓ ነበር። የባሕር ዳር ሰው ዒሻን ሰግዶ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ምሽቱ ገፋ ሲል፣ ከወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከባድ ፍንዳታ ተሰማ። በዚያው ምሽት ጎንደርም ተመታች። መንግሥት ወደ ሁለቱ ከተሞች ሮኬት መተኮሱንና በአውሮፕላን ማረፊያዎቹ አካባቢ ጉዳት መድረሱን አስታወቀ። በትግራይ በኩል የነበረው አመራርም አልካደም፤ ትግራይ ከአየር ስለተደበደበች የተሰጠ ምላሽ ነው፣ ድብደባው ካልቆመ ደግሞ ይበረታል አለ። በማግሥቱ ሮኬቶች ድንበር ተሻግረው አስመራ ወደቁ። በዚያ ሳምንትና በቀጣዩ ባሕር ዳር ደግማ ተተኮሰባት።

ያን ሰሞን ከብዙ ሰው አፍ የሰማነው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «እኛን ለምን? እኛ ምን አደረግን?» የሐይቁ ዳር ዓሣ ሻጭ፣ የቀበሌ አሥራ ምናምኗ እናት፣ የመድረሳ ተማሪው ሁሉ ይህን ይጠይቅ ነበር። መልሱ ለመናገር ይከብዳል እንጂ ለመረዳት አይከብድም። ሮኬቱ የተላከው ወደ ባሕር ዳር ነው፤ መልእክቱ ግን የተጻፈው ለባሕር ዳር ሰው አልነበረም። የተጻፈው አዲስ አበባ ላሉ ሹማምንት ነው። ከተማችን ፖስታው ነበረች።

ይህ የትናንት ጉዳይ በአንድ አገር ልጆች መካከል የሆነ፣ ቁስሉም ገና ያልደረቀ በመሆኑ፣ ማን ጀመረ ማን ጨረሰ የሚለውን እዚህ አንፈርድም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ተፈራርመዋል፤ የሞቱትን ሁሉ የሚያውቃቸው አላህ ነው። እኛ ዛሬ ማንሣት የፈለግነው ነገሩ የሚሠራበትን መንገድ ነው። መንግሥታት ሙሉ ጦርነት ሳይፈልጉ «አንድ ጊዜ መትተን እናስጠንቅቅ፣ ከዚያ እንቆማለን» የሚሉበት ልማድ አለ። በዘመኑ የፖለቲካ ቋንቋ ውስን ጥቃት ይባላል። ሐሳቡ ጥፊ እንደመምታት ነው፤ ጥፊው አይገድልም፣ ግን ያነቃል ተብሎ ይታሰባል። የሚመታው ሰው ጥፊው የት እንደሚያበቃ የሚያውቅ ይመስለዋል። የሚመታበት ግን መጨረሻውን አያውቅም፤ የሚያውቀው እንደተመታ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪካችን በሙሉ ከዚህች ልዩነት የሚወጣ ነው።

ነገሩ ለእኛ ለሙስሊሞችም እንግዳ አይደለም። በሲራና በታሪክ መጻሕፍት ከሐበሻ ጋር የተያያዘ አንድ ትንሽ ዘመቻ ተመዝግቧል። በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ከጂዳ ማዶ ባሕር ላይ ሐበሾች በጀልባ መታየታቸው በተሰማ ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐልቀማ ኢብኑ ሙጀዚዝን (ረ.ዐ.) ከ300 ሰዎች ጋር ላኩት። ዐልቀማ ባሕሩን ገብቶ ወደ አንዲት ደሴት ተሻገረ፤ ሐበሾቹ ገና ሲያዩት ሸሹ። እሱም አልተከተላቸውም፤ ተመለሰ። ደም አልፈሰሰም፣ መንደር አልተቃጠለም፣ የተማረከ የለም። ይህ ነጃሺ ሰሐቦችን በእንግድነት ተቀብሎ ካኖረበት ዘመን ብዙም ያልራቀ ጊዜ ነው፤ ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ያለው ወዳጅነት በዚያች ጉዞ አልተበጠሰም።

ከዚሁ ጉዞ መልስ የሆነውንም ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ዐልቀማ ለመቅደም የፈለጉትን ሰዎች በዐብዱላህ ኢብኑ ሑዛፋ (ረ.ዐ.) መሪነት አስቀደማቸው። ዐብዱላህ ቀልድ የሚወድ ሰው ነበር ይባላል። በመንገድ እሳት አስነድዶ «እኔን መታዘዝ ግዴታችሁ አይደለምን? እንግዲያው ዝለሉባት» አላቸው። አንዳንዶቹ ወገባቸውን ታጥቀው ለመዝለል ተነሡ! ያኔ «ተቀመጡ፣ ስቀልድ ነው» አላቸው። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገራቸው በወንጀል ለሚያዝ አዛዥ መታዘዝ እንደሌለ አስተማሩ። ዘገባዎቹ በአነጋገርና በዝርዝር ይለያያሉ፤ ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው። ትንሽ ዘመቻም ቢሆን ለአዛዡ ስሜት የተተወ አልነበረም፤ ወሰን ነበረው።

ሁሉም የባሕሩ ታሪክ እንዲህ በሰላም አላለፈም። በ83 ዓ.ሂ. (በ702 እ.ኤ.አ.) ገደማ ከሐበሻ ጠረፍ የተነሡ መርከቦች ጂዳን ወረሩ። የኡመያ መንግሥት መልሱን የሰጠው ጂዳን በመጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ የዳህላክን ደሴቶች ያዘ። ከዚያ በኋላ ዳህላክ የእስላም ደሴት ሆና ቀረች። ጂዳን የዘረፉት ሰዎች ከዘረፋው ምን ያህል እንዳተረፉ የሚናገር የለም፤ የከፈለው ግን የአክሱም ባሕር በር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሐይቅ እንመለስ።

ከጣና በስተሰሜን ያለውን የደንቢያን ሜዳ የማያውቅ የጎንደርና የባሕር ዳር ሰው የለም። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲወርዱ ጭልጋ፣ ከጭልጋ አልፎ ቆላው፣ ከቆላው መጨረሻ መተማ ይገኛል። መተማና የሱዳኗ ገላባት ዛሬ በአንዲት የበጋ ደረቅ ወንዝ የተለያዩ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ ያኔ ግን አንድ ትልቅ ገበያ ነበሩ። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነሥተው በመንገድ የቀሩ ተክሩሮች ገበያዋን ያስተዳድሯት ነበር። ከደጋው ቡና፣ ሰምና ማር ይወርድላት፣ ከቆላው ጥጥና ጨርቅ ይወጣላት ነበር፤ ባሪያም ይሸጥባት እንደነበር አንደብቅም። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ነጋዴ አብዛኛው የጎንደርና የአካባቢው ጀበርቲ ሙስሊም ነበር።

በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተካሄደ ወዲህ ግን የሙስሊሙ ኑሮ ተናጋ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ አዘዙ፤ በወሎ የነበረው ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ ሸኽ ጦልሓ ኢብኑ ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማኦች እምቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙ ሰውም ሃይማኖቱን ይዞ ወደ ቆላው ተሰደደ። ይህን የምናነሣው የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ነገር ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ለመረዳት በመተማ ገበያ ውስጥ የተሰደደ ሰው እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሱዳን ደግሞ ማህዲ ተነሥቶ የግብፅን አስተዳደር እየጠራረገ ነበር። እንግሊዞች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች ማውጣት ስላቃታቸው በ1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ተዋዋሉ፤ ኢትዮጵያ ለተከበቡት መውጫ መንገድ ልትሰጥ፣ በምላሹ ቦጎስን ልታገኝ። የገላባት ጦር በዚህ ውል መሠረት በ1877 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ወጣ። የማህዲ ሰዎች ይህን እንዴት ሊያዩት ይችላሉ? ለዐፄ ዮሐንስ የውል ግዴታ ነው፤ ለማህዲስቶች ግን ጠላታቸውን ያስመለጠ ጎረቤት ነው። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ ኩፊት ላይ የዑስማን ዲቅናን ጦር ድል አደረገ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ደግሞ ጣሊያን ምጽዋን ይዛ ነበር። አንባቢዎቻችን ይህችን የጣሊያንን ነገር በአንድ ጎን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከገላባት በኩል ሙሐመድ ወድ አርባብ የሚባለው የማህዲስቶች አሚር ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ወሰን እየዘለቁ መንደርና ቤተ ክርስቲያን ያቃጥሉ ጀመር። እነዚህ ትንንሽ ወረራዎች ነበሩ። አሚሩ ሐበሻን ልያዝ ብሎ የተነሣ አይመስልም፤ «እዚህ ነን፣ ፍሩን» የሚል ዓይነት ነበር። የዚህ ወሰን ኃላፊነት የተሰጠው ቀድሞ ራስ አዳል ይባል ለነበረው ለጎጃሙ ንጉሥ ለተክለ ሃይማኖት ነበር። በጥር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከብዙ ሠራዊት ጋር ወደ ገላባት ወረደ። ወድ አርባብ በውጊያው ተገደለ፤ ከተማዋ ተቃጠለች፤ ሴትና ሕፃን ሳይቀር ብዙ ሰው ተማረከ። ከዚያ ንጉሡ ሠራዊቱን ይዞ ወደ ደጋው ተመለሰ።

በንጉሡ ዓይን ይህ ያለቀ ነገር ነው። አስቸጋሪው አሚር ሞቷል፣ ማስጠንቀቂያው ተሰጥቷል፣ መሬት አልያዘም፣ ተመልሷል። ውስን ጥቃት ማለት ይኸው ነው። በኦምዱርማን ግን ዜናው የደረሰው በሌላ መልኩ ነው። በዚያ የተሰማው የሙስሊም ከተማ መቃጠሏና ሙስሊም ሴቶች መማረካቸው ነው።

እዚህ ላይ ልብ የምንለው አንድ ነገር አለ። ሐበሾች ካልነኩ እንዳይነኩ የሚያሳስበው ሐዲስ በሱዳንም ይታወቅ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ኸሊፋ ዐብዱላሂ በኢትዮጵያ ላይ ለመዝመት መጀመሪያ ያመነታው አንዱ ይህን በማሰብ ነው። የገላባት መቃጠል ግን ነገሩን ገለበጠው፤ «እንግዲህ እነሱ ነክተውናል» የሚለውን ክርክር በእጁ ሰጠው። ለማስፈራት የተላከው ጥቃት የመፍራትን ምክንያት አነሣለት። ኸሊፋውም ለዐፄ ዮሐንስ እስልምናን እንዲቀበል የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፈ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለሰሎሞን ዙፋን ወራሽ ምን ሆኖ እንደሚነበብ መገመት አያዳግትም።

በገላባት አዲስ የተሾመው ዩኑስ ወድ ደከይም መጀመሪያ ገበያውን ከፈተ፤ ነጋዴው መምጣት ጀመረ። ያኔ በኦምዱርማን እስረኛ የነበረው ኦስትሪያዊው ስላቲን እንደጻፈው፣ ዩኑስ ገበያው ከሞላ በኋላ ነጋዴዎቹን አሥሮ ንብረታቸውን ወሰደ፣ እነሱንም ወደ ኦምዱርማን ሰደዳቸው። ከኢትዮጵያ ለመጣው ነጋዴ አንዱ መንግሥት ሃይማኖቱን ለውጥ እያለው፣ ሌላው ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ከሐበሻ ስለመጣ ብቻ ሰነሰለት አገባለት። ይህን ስናነብ ከጦር ሜዳው ይልቅ ያሳዘነን እሱ ነው።

ቀጥሎ ትልቁ መልስ መጣ። ኸሊፋው ሐምዳን አቡ ዐንጃን ከብዙ ጠመንጃ ጋር ላከው። በጥር 1880 ዓ.ም. በደንቢያ ሳር ውሃ በተባለው ስፍራ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊት ተሸነፈ። ንጉሡ አመለጠ፤ ከቤተሰቡ ሳይቀር የተማረከ ነበር። አቡ ዐንጃ ጎንደር ገባ፤ ከተማዋ ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ብዙ ሰው ተጋዘ። ከዚያም እሱም እንደ ተክለ ሃይማኖት ወደ መጣበት ተመለሰ! አገር አልያዘም። ለገላባት የተከፈለ ብድር ነው፤ በእሱም ዓይን ነገሩ አልቋል። በዚያው ዓመት ደግሞ ዳግመኛ ወጥቶ ደንቢያን አጠቃ።

ከጣና በስተደቡብ ያለው አገርስ ምን ሆነ? የባሕር ዳር አካባቢ ያኔ በሐይቁ ዳር ያለ የገዳም መንደር ነበር፤ የጎጃም ግዛት ነው። አቡ ዐንጃ እዚህ አልደረሰም። የደረሰው የራሳቸው ንጉሠ ነገሥት ሠራዊት ነው። ዐፄ ዮሐንስ በሳር ውሃ ሽንፈት ማግሥት ተክለ ሃይማኖትንና የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በሤራ ጠረጠሩ፤ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጎጃም ገብተው አገሩን አጠፉት። በቆላው ዳር የተጀመረው የማስጠንቀቂያ ምልልስ ከወሰኑ ብዙ ቀን መንገድ የሚርቀውን፣ ከማህዲስት ጋር ተያይቶ የማያውቀውን ገበሬ ጎተራ ባዶ አደረገው። መንግሥት ሲዋረድ ቁጣውን የሚያወርደው በቅርብ ባገኘው ላይ መሆኑን የጎጃም ሽማግሌዎች ለልጆቻቸው ሲያወሩ ኖረዋል።

በዚያው ሰሞን ግን ዐፄ ዮሐንስ አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ። ለአቡ ዐንጃ የሰላም ደብዳቤ ጻፉ። ሐሳቡ በአጭሩ ሁለታችንም የምንጠላው አውሮፓዊ ከደጃችን ቆሟል፣ እኔን ቢያሸንፍ አንተንም አይምርህም፣ እርስ በርስ መተላለቃችን ለድሃው ሞት ብቻ ነው፣ ነጋዴው እንደ ድሮው ይመላለስ የሚል ነው። በእኛ ግምት በዚያ ዘመን ከተጻፉት ደብዳቤዎች ሁሉ አርቆ ያየ ነው። አቡ ዐንጃ ግን በስድብ መለሰለት። አስቡት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ቢደርስ ኖሮ ሌላ መልስ ሊያገኝ ይችል ነበር። አሁን ግን በገላባትና በጎንደር አመድ መካከል የሚያልፍ ደብዳቤ ነው፤ ማን በቅንነት ያነበዋል?

አቡ ዐንጃ ብዙ ሳይቆይ ታምሞ ሞተ፤ ዛኪ ጠመል ተተካ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ገጠሙ። ውጊያው ወደ ኢትዮጵያውያን እያዘነበለ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ ሠራዊቱ ተፈታ፤ እሳቸውም ሞቱ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተላከ። ማህዲስቶችም ከዚያ ውጊያ የወጡት ብርቱ ሠራዊታቸውን አስረግፈው ነው።

በአንድ ጎን ያዙልን ያልነው የጣሊያን ነገር እዚህ ይመጣል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባትን ባቃጠለበት በዚያው በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር ደምስሶ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ሁለት ግንባር ነበረባቸው፤ አንዱ የመጣው አገር ሊይዝ ነው፣ ሌላው አገር መያዝ ሳይሆን ብድር መመለስ የሚፈልግ ጎረቤት ነው። የሞቱት ከሁለተኛው ጋር ተዋግተው ነው። ከመተማ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጣሊያን አስመራ ገባች። በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ከሰላን ከማህዲስቶች ነጠቀች። በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ እንግሊዝ ከረሪ ላይ የኸሊፋውን ሠራዊት በመትረየስ አጨደው። የዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤ የፈራው ሁሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ተፈጸመ።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ «ታዲያ ዝም ማለት ነበረባቸው? ወድ አርባብ መንደር ሲያቃጥል እጅ አጣጥፈው ይመልከቱ?» ሊለን ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ወሰንን መጠበቅና የተቃጠለን መንደር መከላከል ግዴታ ነው፤ ማንም መንግሥት አይወቀስበትም። ንጉሡ ወራሪውን አሚር ወግቶ ቢመለስ ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ገበያዋን ማቃጠልና ሴትና ሕፃን መንዳት ግን ከአሚሩ ጋር የነበረን ጠብ ከሕዝብ ጋር አደረገው። የአቡ ዐንጃም ጥፋት ያው ነው። ሁለቱም ለጦር አለቃ የተቆጡትን ቁጣ በነዋሪ ላይ ጻፉት። የእኛ ዲን በጦርነት እንኳ ሴትን፣ ሕፃንን፣ ሽማግሌንና በአምልኮ ቤቱ የተቀመጠን መነኩሴ መንካት ከልክሏል፤ በሳር ውሃ ማግሥት የተደረገውን በእስልምና ስም የተደረገ ነውና ትክክል ነው ልንል አንችልም። አላልንምም።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ጠመንጃው በአውሮፕላን ተተካ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። ማን ቀደመ በሚለው ሁለቱም ተካሰዋል። ኤርትራ ኢላማዬ የመቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር አለች። ቦምቡ ግን ዓይደር ትምህርት ቤትና አካባቢው ላይ ወደቀ፤ ከ50 በላይ ሰላማዊ ሰው አለቀ፣ ከእነሱም ሕፃናት ተማሪዎች ነበሩ። በኋላ ጉዳዩን ያየው የካሳ ኮሚሽን ኤርትራ አስፈላጊውን ጥንቃቄ አላደረገችም ብሎ ወሰነ። ለአውሮፕላን ማረፊያ የተላከ ነው የተባለውን የተቀበለችው ደብተሯን የያዘች ልጅ ናት።

ሰኔ 7 ቀን 1990 ዓ.ም. ግን በስልክ የተገኘ አንድ መልካም ነገር ተሰማ። በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በክሊንተን አማካይነት ሁለቱ መሪዎች የአየር ድብደባ ለማቆም ተስማሙ፤ ስምምነቱም ስምንት ወር ያህል ቆየ። ጦርነቱን አላስቀረም፤ በ1991 ዓ.ም. አጋማሽ ሁሉም ነገር ተመልሶ ፈነዳ። ቢሆንም በዚያ ስምንት ወር የአስመራና የመቀሌ ሕፃናት ሰማዩን ሳይፈሩ አድረዋል፤ ይህን ቀላል አድርገን አናየውም።

እነዚያን ሁለት መሪዎች በስልክ ያስማማው ክሊንተን ራሱ ከሁለት ወር ብዙም ሳያልፍ ሌላ መልእክት ላከ። በነሐሴ መጀመሪያ በናይሮቢና በዳሬሰላም የአሜሪካ ኤምባሲዎች ፈንድተው ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ የኤምባሲውን በር የማያውቁ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ከባድ ግፍ ነው። ነሐሴ 14 ቀን የአሜሪካ ሚሳይሎች በአፍጋኒስታን ካምፖችን፣ በኻርቱም ደግሞ የሺፋ መድኃኒት ፋብሪካን መቱ። ከጣና የወጣው ዓባይ በሚያልፍባት ከተማ ዳር የነበረው ያ ፋብሪካ የኬሚካል መሣሪያ ይሠራል ተብሎ ነበር፤ ማስረጃው ግን በራሳቸው በአሜሪካውያን መካከል እንኳ አከራካሪ ሆኖ ቀረ። ተቀባዩ ቢን ላደን ነበር፤ ያጣው ግን ክኒን የሚፈልግ ሱዳናዊ በሽተኛ ነው። በሱረቱል ሑጁራት ወሬን ሳያጣሩ ሰውን መጉዳት የተከለከለበት አንቀጽ አለ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2020 ኢራን በኢራቅ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ላይ ሚሳይል ስትተኩስ ነገሩ በጥንቃቄ የተለካ ነበር፤ የኢራቅ መንግሥት አስቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ በጦር ሰፈሩ የሞተ ወታደር አልነበረም። እንዲህ ያለ የተመጠነ ጥቃት ካለ ይህ ነው ሊባል ይችላል። በዚያው ሌሊት ግን የአጸፋ ሚሳይል ይመጣል ብሎ የተደናገጠው የኢራን የራሷ የአየር መከላከያ ከቴህራን የተነሣ የዩክሬን የመንገደኞች አውሮፕላን መትቶ ጣለ። 176 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ኢራናውያን ነበሩ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ለማመዛዘን ሲባል በሌላ መንገድ ያለቀውንም መናገር አለብን። በጥር 2004 ዓ.ም. በአፋር ኤርታሌ አጠገብ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገደሉ። ኢትዮጵያ በኤርትራ ላይ ጣቷን ቀሰረች፤ ኤርትራ ካደች። መጋቢት 6 ቀን የኢትዮጵያ ጦር ወሰን ተሻግሮ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ገብቶ የታጣቂዎች ማሠልጠኛ ናቸው ያላቸውን ስፍራዎች መታና ተመለሰ። ኤርትራ ከሰሰች፣ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጮኸች፤ ነገር ግን አጸፋ አልመለሰችም። ያን ጊዜ ጦርነት ያልተነሣው የመቺው ልክ ስላማረ ነው ብለው የጻፉ ነበሩ። እኛ አይመስለንም። ጦርነት ያልተነሣው የተመታው ወገን ላለመመለስ ስለወሰነ ነው። መወሰኑ በመቺው እጅ አልነበረም፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ስሜት ቢሆን ኖሮ ሌላ ገላባት ይሆን ነበር።

ገላባትን ካነሣን አይቀር፣ በዚያችው ድንበር በቅርቡ የሆነውን እንጨምር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ የሱዳን ጦር ሁለቱ አገሮች ወደሚወዛገቡበት ወደ ፈሽቃ እርሻ ገባ። ሰኔ 19 ቀን 2014 ዓ.ም. ሱዳን ሰባት ወታደሮቼና አንድ ሰላማዊ ሰው ተማርከው ተገደሉ ብላ ኢትዮጵያን ከሰሰች፤ ኢትዮጵያ ሠራዊቷ እንዳልነበረበት ተናግራ በሞቱት ሰዎች ማዘኗን ገለጸች። ሱዳን አምባሳደሯን ጠራች፣ የገላባትን በር ዘጋች፣ ድንበሩን በከባድ መሣሪያ ደበደበች። የ1879ኙን የሚያስታውስ ሰው ልቡ መፍራቱ አይቀርም ነበር።

ነገር ግን ሰኔ 28 ቀን ጀኔራል ቡርሃንና ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ በናይሮቢ የኢጋድ ስብሰባ ላይ ተገናኝተው ነገሩን በንግግር ለመጨረስ ተስማሙ። ዐፄ ዮሐንስና አቡ ዐንጃ በደብዳቤ ያልቻሉትን እነዚህ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቻሉ። የመሬቱ ጉዳይ አልተፈታም። በሐምሌ ወር ግን የገላባት በር ተከፈተ፤ መኪኖች ማለፍ ጀመሩ።

ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በኻርቱም ጦርነት ሲነሣ፣ በዚያው በር ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያን፣ ሌሎችም የውጭ አገር ሰዎች በሺዎች ሆነው ወደ መተማ መግባት ጀመሩ። ልጅ አዝለው፣ ሻንጣ ጎትተው፣ አንዳንዶቹም በባዶ እግራቸው ነበር። በሩ በ2014ቱ ክረምት እንደተዘጋ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች በየት ይገቡ ነበር?